ኮዳው ለምን ይወድቃል?

የብስክሌት ኮዳ መያዣ ስንገዛ ብዙዎቻችን ዋጋውንና ቀለሙን እንመለከታለን። በጥርብ ድንጋይ ቁልቁለት ላይ ተፈናጥሮ የወጣ ኮዳ ከኋላ ጎማ ሥር ከገባ ግን ነጂውንም ይጥላል።

ሦስት አራተኛ ሊትር ውኃ 750 ግራም ይመዝናል። ጎማው ድንጋይ ሲመታ ፍሬሙ ወደ ላይ ተወርውሮ ወዲያው ይመለሳል፤ ውኃው ግን የጀመረውን ጉዞ መቀጠል ይሻል። የሚገታው የመያዣው ክንዶች ጭመቃና ከዚያ የሚመነጨው ሰበቃ ነው። የአሉሚኒየም መያዣ ቢላላ በእጅ አጥፎ ማጥበቅ ይቻላል፤ ሆኖም በታጠፈ ቁጥር ወደ መሰንጠቅ ይቀርባል። ስለዚህ ለሸካራ መንገድ የምናደላው የኮዳውን አንገት ስርጉድ ለሚነክስ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። መያዣው የሚሠራው 73 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ላለው የብስክሌት ኮዳ ስለሆነ፣ በተለምዶ «ሃይላንድ» የምንለው ቀጭን ፕላስቲክ ውስጡ ይንቀጫቀጫል።

ከመክፈላችን በፊት የሞላ ኮዳ ከተን፣ መያዣውን ገልብጠን እንነቅንቀው፤ ኮዳው ከወደቀ መያዣውን ለሻጩ እንመልስ።