21 ቀን ከውሃ ቁንጫ ጋር

በጌዴኦ ዞን፣ ጨለለቅቱ ላይ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስለ ፀረ ተባይ ሳነሳ ከተማሪዎቼ የሚመጣው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «መምህር፣ ይገድላል ወይስ አይገድልም?» ገበሬውም ሱቅ ገብቶ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ሻጩም የሚምለው በዚሁ ነው። ነገሩ ስለ መዥገር ወይም ስለ ተምች ከሆነ ጥያቄው ልክ ነው፤ ለወንዝ ግን አይበቃም። ስለ ወንዝ መጠየቅ ያለበት፣ ከሞት የተረፈው ፍጥረት ወለደ ወይስ መከነ የሚለው ነው።

ይህን በሥርዓት የሚጠይቅ ምርመራ አለ። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ኦኢሲዲ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 መመሪያ ቁጥር 211 ብሎ አጸደቀው፤ በ2012 ደግሞ አሻሻለው። ምስክር ሆና የምትቀርበው ዳፍኒያ ማግና የምትባል የውሃ ቁንጫ ናት። ቁንጫ ትባል እንጂ ከነፍሳት ወገን አይደለችም፤ የሸርጣን ዘመድ ናት። ትልቅ ሆነች ቢባል 5 ሚሊ ሜትር ነው። ሰውነቷ ብርሃን ስለሚያሳልፍ በማይክሮስኮፕ ሲያዩዋት ልቧ ሲመታ፣ አንጀቷ በበላችው አልጌ አረንጓዴ ሆኖ፣ እንቁላሎቿም ከጀርባዋ ባለው ከረጢት ውስጥ ተደርድረው ይታያሉ። ከተመቻት ያለ ወንድ ትወልዳለች፤ ሴቶች ልጆቿም በዘር ልክ እሷን ናቸው። ተመራማሪዎች የሚወዷት ለዚህ ነው። ከአንዲት እናት የተገኙ እኅትማማቾች በተለያየ ዕቃ ውስጥ የተለያየ ነገር ካሳዩ፣ ልዩነቱን ያመጣው ኬሚካሉ እንጂ ዘራቸው አይደለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከተወለዱ 24 ሰዓት ያልሞላቸው ሕፃናት ይመረጣሉ። እያንዳንዷ ለብቻዋ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ባለበት ብርጭቆ ትገባለች፤ ለአንድ መጠን ቢያንስ 10 ብርጭቆ ይዘጋጃል። ኬሚካሉ ቢያንስ በ5 ደረጃ ተመጥኖ ይጨመራል፤ ከጎናቸው ምንም ያልተጨመረበት ውሃ ለማነጻጸሪያ ይቆማል። ሙቀቱ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ፣ መብራቱ በቀን 16 ሰዓት፣ ምግባቸው አልጌ ነው። በተለመደው አሠራር ውሃው በሳምንት ቢያንስ 3 ጊዜ ይለወጣል። መውለድ ሲጀምሩ ልጆቹ በየቀኑ እየተቆጠሩ ይወጣሉ። ይህ ሁሉ እስከ 21ኛው ቀን ይቀጥላል።

እኔን በተለይ የሚገርመኝ ምርመራው መጀመሪያ ራሱን የሚፈትን መሆኑ ነው። ኬሚካል ባልነካው ውሃ ውስጥ ካሉት እናቶች ከ20 በመቶ በላይ ከሞቱ፣ ወይም በሕይወት የዘለቁት በአማካይ 60 ልጅ ካልወለዱ ውጤቱ በሙሉ ይጣላል። በትምህርት ቤት የምንሰጣቸው ፈተናዎች ስንቶቹ እንዲህ ያለውን መስፈርት ያልፉ ይሆን?

በዚህችው የውሃ ቁንጫ የሚሠራ አጭር ምርመራም አለ። የሚፈጀው 48 ሰዓት ብቻ ነው፤ መጨረሻ ላይ ዕቃው ቀስ ብሎ ይነቀነቅና መዋኘት ያቃታቸው ይቆጠራሉ። ርካሽና ፈጣን ስለሆነ ይወደዳል። በ2 ቀን ውስጥ ግን የውሃ ቁንጫ ገና ልጅ ናት። የመጀመሪያ ልጆቿን የምትወልደው ከሳምንት በኋላ ነው፤ አጭሩ ምርመራ እናትነቷን ሊያይ አይችልም። ፓይሪፕሮክሲፌንን እንውሰድ። የትንኝ እጭ አድጎ ትንኝ እንዳይሆን የሚከለክል ኬሚካል ነው። በጥቂቱ ሲገባ የውሃ ቁንጫዋን አይገድላትም፤ ትዋኛለች፣ ትበላለች፣ ትወልዳለችም። የምትወልዳቸው ግን ወንዶች ይሆናሉ። ሴት በሴት የሚባዛ መንጋ በድንገት ወንድ በወንድ ሲሆን ምን እንደሚከተል አስቡት። በ48ኛው ሰዓት መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ግን «ጉዳት አልታየም» ነው።

ረጅሙም ምርመራ ቢሆን ያለ እንከን አይደለም፤ ምስክሩ ማን ነው የሚለው ያው ጥያቄ ሆኖ ይቀራል። ኢሚዳክሎፕሪድ የተባለውን፣ በዓለም ላይ በሰፊው የሚሸጠውን ፀረ ነፍሳት የውሃ ቁንጫ በደንብ ትቋቋመዋለች፤ በአጭሩ ምርመራ ግማሾቹን ለማሽመድመድ በሊትር በአሥር የሚቆጠር ሚሊ ግራም ይፈልጋል። በእሷ ብቻ የፈረደ ሰው ኬሚካሉን ነጻ ያወጣው ነበር። በኔዘርላንድ የዋኸኒንገን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጡት ጥናት ግን፣ ባለ ሦስት ጭራ የወንዝ እጮች ለረጅም ጊዜ ሲጋለጡ በሊትር ከ1 ማይክሮ ግራም ባነሰ መጠን እንደሚጎዱ አሳየ። 1 ሚሊ ግራም 1,000 ማይክሮ ግራም መሆኑን አስታውሱና ልዩነቱን ራሳችሁ አስሉት። የአውሮፓ ኅብረት በ2018 ይህን ኬሚካል ሜዳ ላይ መጠቀምን የከለከለው በንቦች ምክንያት ነው፤ ስለ ወንዝ እጮች ብዙ ሰው አልጮኸም።

እነዚያ እጮች እኛም ጋ አሉ። ከከተማው በላይ፣ በቡናና በእንሰት ጥላ ሥር በሚወርዱት ጅረቶች ድንጋይ ገልብጣችሁ ብታዩ፣ ጠፍጣፋ፣ ጎኑ ላይ በሚርገበገቡ ቅጠል መሳይ ነገሮች የሚተነፍስ፣ ሦስት ጭራ ያለው ፍጥረት ድንጋዩን አቅፎ ታገኛላችሁ። ተማሪዎቼ መጀመሪያ ይጸየፉታል፤ በሌንስ ሲያዩት ደግሞ ለመልቀቅ ያስቸግራሉ። ወርዳችሁ ከቡና ማጠቢያው በታች፣ እሸት ቡና በሚፈለፈልበት ወቅት ብታዩ ግን እሱ የለም፤ ያለው ቀይ ትል ነው። ይህ የፀረ ተባይ ሥራ አይደለም። ከገለፈቱ የሚወጣው ስኳርና የቡናው ሙጫ ውሃ ውስጥ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል፣ ውሃውንም ያኮመጥጠዋል፤ ቀይ ትሉ የሚተርፈው ደሙ ኦክስጅን ስለሚያጠራቅም ነው። ጅማ አካባቢ የተደረጉ ጥናቶችም ይህንኑ አሳይተዋል። መፈልፈያው የሚሠራው ዝናቡ በሚያቆምበትና ወንዙ በሚቀጥንበት ወራት መሆኑ ነገሩን ያብሰዋል።

የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ደስ ብሎኛል፤ የእኛ ቡና በአብዛኛው ኬሚካል እንደማይነካውም አውቃለሁ። ኬሚካል ግን በቡና በኩል ብቻ አይደለም የሚመጣው። በአትክልት በኩል ይመጣል፣ በጫት በኩል ይመጣል፣ በከብት መዥገርም በኩል ይመጣል። ጎረቤቴ የሆኑ አንድ ሽማግሌ በሬያቸውን ዳያዚኖን የተባለውን የመዥገር መርዝ ረጭተው መርጫውን ወንዝ ዳር ሲያጥቡ አግኝቻቸው አንድ ነገር ብል፣ «መምህር፣ እኔ የገደልኩት መዥገር ነው፤ ወንዙን ምን አደረግኩት?» አሉኝ። «አባባ፣ መዥገሩ ስምንት እግር አለው፣ የወንዙ እጭ ስድስት፤ መርዙ እግር አይቆጥርም» አልኳቸው። ሳቁ። በሌላ ጊዜ ግን መርጫውን እዚያው ግቢያቸው ሲያጥቡ አይቻለሁ።

ስለ ዳያዚኖን የአገር ውስጥ መረጃ የለም እንዳይባል፣ ኢትዮጵያውያንና የዋኸኒንገን ተመራማሪዎች ከእኛው ውሃ የተሰበሰቡ ልዩ ልዩ ፍጥረታት ዳያዚኖንንና ኢንዶሰልፋን የተባለውን ሌላ ፀረ ነፍሳት ምን ያህል እንደሚችሉ ፈትነው፣ ከውጭ አገር መረጃ ጋር አነጻጽረው እ.ኤ.አ. በ2016 አሳትመዋል። እንዲህ ዓይነት ሥራ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ተመራማሪው አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ ነው ስለ እንዶድ ያን ሁሉ ምርምር የጀመረው። መግደሉን ማሳየት ቀላል ነበር። ለሌላው ፍጥረት አያሰጋም ብሎ ዓለምን ማሳመን ግን ረጅም ዓመት ወሰደ፤ እሱና የሥራ ባልደረባው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት የተቀበሉት በ1989 ነው። ለአገር በቀል ተክል ይህን ያህል ማስረጃ ከተጠየቀ፣ በመርከብ ለሚመጣው ጠርሙስ ማነስ የለበትም።

የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ከወጣ ቆይቷል። የምዝገባ ሰነድ ለሚመረምሩት አንድ ነገር እላለሁ፤ የ48 ሰዓቱን ገጽ አንብባችሁ አታቁሙ፣ የ21 ቀኑን ጠይቁ፤ ኬሚካሉ ነፍሳት ገዳይ ከሆነ ደግሞ የወንዝ እጭ የተፈተነበትን ጨምሩ። ዲላ ዩኒቨርሲቲ ለምትማሩ ልጆቼም፣ ለመመረቂያ ጥናት ርዕስ ስትፈልጉ ብርጭቆ፣ አልጌ፣ መብራትና ትዕግሥት ካላችሁ ሥራው መነሻ አለው፤ እጮቹም እዚሁ ድንጋይ ሥር ናቸው። መርጫ የምትይዙ ወገኖቼ ደግሞ ጠርሙሱን ሦስቴ አለቅልቁ፤ ያለቀለቃችሁበትን ከሚረጨው ጋር ቀላቅላችሁ እዚያው እርሻው ላይ ጨርሱት፣ መርጫውንም ከወንዝ ርቃችሁ እጠቡ።