ሃይማኖተኛ ወጣት ከሌላ ብሔር ጋር ይስማማል?

መቱ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከየክልሉ ተመድበው የመጡ ተማሪዎች አንድ ዶርም ይጋራሉ። አንዱ እሁድ ቤተክርስቲያን ይሳለማል፣ ሌላው አርብ ጁምዓ ይሰግዳል፣ አንዳንዱም የትም አይሄድ። ታዲያ ከሌላ ብሔር ልጅ ጋር መኖር የሚቀለው ለየትኛው ነው?

አሜሪካውያኑ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ጎርደን ኦልፖርትና ማይክል ሮስ በ1967 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ጥያቄ አንስተው ነበር። ሃይማኖትን ለክብር ወይም ለትውውቅ ብለው የያዙት ምዕመናን፣ ከልብ ከሚያምኑት ይልቅ ለጥቁሮችና ለአይሁዶች ጥላቻ አሳዩ። የባሱት ግን ሃይማኖትን የሚያሞግስ ዓረፍተ ነገር ሲያዩ ሁሉንም «ልክ ነው» የሚሉት ሆኑ! በኋላ ዳንኤል ባትሰን የተባለ ተመራማሪ፣ «ከልብ አማኞቹ» ጥሩ ሰው ለመምሰል ብለው መልሰው ይሆናል ሲል ሞገተ። መጠይቅ ላይ ደግ መሆን ቀላል ነዋ።

ወደ ኢሉባቦር ስንመለስ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ውስጥ ሙስሊምም ክርስቲያንም ነበረ፤ አገሬው ኦሮሞም እንደዚያው። ስለዚህ ብሔርና እምነት አንድ መስመር ላይ አይወድቁም፤ የወሎ ልጅና የአካባቢው ኦሮሞ አንድ መስጊድ ውስጥ ጎን ለጎን ሊሰግዱ ይችላሉ። ጉዳዩ ቀላል አይደለም፤ ጎረቤት ወለጋ ውስጥ በ2014 የወሎ ተወላጆች በማንነታቸው ተገድለዋል።

ግን ይህ ቅርበት የሚሠራው እምነት ለሚጋሩት ነው። የወሎው ሙስሊምና ኦሮሞው ጴንጤ በሶላትም በአምልኮም አይገናኙም። እነሱን የሚያገናኛቸው ያው ዶርሙ፣ ካፌው ወይም ኳስ ሜዳው ነው።