የመንኰራኵር ኩሽኔታ ሳይሰበር መለወጥ ይገባልን?

ብዙ መኪናዎች በኀላፊነቱ ሥር ያሉት ሹም ሁሉ በጀት በሚያዘጋጅበት ጊዜ አንድ ክርክር ይቀርብለታል። ይኸውም ሳይሰበር የሚለወጠው ዕቃ የትኛው ነው፤ ምልክት እስኪያሳይ የሚጠበቀውስ የትኛው ነው የሚል ነው። የሞተር ዘይት የሚለወጥበት ጊዜ በመኪናው መጽሐፍ የተወሰነ ስለ ሆነ ብዙ አያከራክርም። የመንኰራኵር ኩሽኔታ ግን ከዐይን የተሰወረ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ያዡ «ደኅና የሚዞረውን ስለ ምን እንጥላለን» ይላል፤ ሹፌሩም «በበረሃ ከሚያስቀረን አስቀድሞ ይለወጥ» ይላል። ሁለቱም ከእውነት ድርሻ አላቸው፤ ይሁን እንጂ የሁለቱም ፍርድ ብቻውን አይበቃም።

ኩሽኔታ ሁለት የብረት ቀለበቶች አንዱ በአንዱ ውስጥ ገብተው፥ በመካከላቸው ጠጣር የብረት እንክብሎች የሚንከባለሉበት መሣሪያ ነው። የመኪናው ክብደት ከነጭነቱ የሚያርፈው በእነዚሁ በጥቂቶቹ ላይ ነው። ሄንሪ ቲምከን የተባለው አሜሪካዊ ሠረገላ ሠሪ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1898 ዓ.ም. እንክብሎቹ ወደ አንድ ወገን የሾጠጡ ኩሽኔታ በስሙ አስመዘገበ። የብዙ ከባድ መኪና መንኰራኵር ዛሬም የሚዞረው በዚሁ ዓይነት ነው።

ብዙ ሰው እንደሚመስለው ኩሽኔታ በዓመት ቍጥር ብቻ አያረጅም። መሐንዲሶች ዕድሜው ይህን ያህል ዙር ነው ሲሉ፥ ከመቶ ኩሽኔታ ዘጠናው ያን ዙር ያልፋል፤ ዐሥሩ ግን ሳይደርስ ይወድቃል ማለታቸው ነው። እንግዲህ በዚያ ቀን ሁሉን አውጥቶ የሚጥል ሰው፥ ለዐሥሩ ሲል ዘጠና ጤነኞችን መጣሉ ነው፤ ያም ሆኖ ዐሥሩን አልቀደማቸውም። ዕድሜን የሚያሳጥረው ይልቁንም ጭነት ነው። በሾጣጣው ኩሽኔታ ላይ የሚያርፈው ክብደት እጥፍ ቢሆን ዕድሜው ወደ ዐሥረኛ እጅ ያህል ይወርዳል። ከልክ በላይ እያስጫነ በኩሽኔታ መወደድ የሚያማርር መሥሪያ ቤት ይህን ሒሳብ ቢያስብ መልካም ነበር። ወንዝ በተሻገሩ ጊዜ የሚገባ ውሃና ደቃቅ አሸዋም የዚሁ ጠላቶች ናቸው።

ጤነኛውን መፍታት ራሱ ጉዳት እንዳለው በማስረጃ ታውቋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ አየር ኀይል የባሕር ጠረፍ ክፍል አውሮፕላኖቹን በየ50 የበረራ ሰዓት ያስመረምር ነበር። ሲ. ኤች. ዋዲንግተን የተባለው የሥነ ሕይወት ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋራ የብልሽቱን መዝገብ ቢመረምር፥ ብልሽት የሚበዛው ከምርመራው አስቀድሞ ሳይሆን ከምርመራው ቀጥሎ ሆኖ ተገኘ፤ በረራው እየቀጠለ ሲሄድም ይቀንስ ነበር። ደኅና የነበረውን የሚነካካው እጅ ሕመም አመጣበት ማለት ነው። በኩሽኔታም ነገሩ ያው ነው። አዲሱን በመዶሻ እየመታ የሚያስገባ፥ በአቧራማ ስፍራ ግራሶ የሚቀባ፥ ብሎኑን ከልክ በላይ የሚያጠብቅ መካኒክ ከአሮጌው የከፋ ኩሽኔታ ተክሎ ይሰናበታል።

ይህ ማለት ግን እስኪሰበር ይጠበቅ ማለት አይደለም። በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት፥ ኢስት ፓለስታይን በምትባል ከተማ በጥር 26 ቀን 2015 ዓ.ም. የደረሰው የባቡር አደጋ ምስክር ነው። በሐዲዱ ዳር የተተከሉት መለኪያዎች የአንዱን ፉርጎ ኩሽኔታ ሙቀት መዝግበው ነበር። በመጀመሪያው ስፍራ ከአየሩ በ21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል፥ በሁለተኛው በ57፥ በሦስተኛው በ141 በልጦ ተገኘ። ባቡሩን የሚያስቆም ማስጠንቀቂያ ለነጂዎቹ የደረሳቸው በሦስተኛው ስፍራ ነው፤ ያም ከሁለተኛው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። 38 ፉርጎዎች ከሐዲድ ወጡ፤ ከእነዚህም መርዛም ኬሚካል የጫኑ ስለ ነበሩ ሕዝቡ ቤቱን ለቆ ወጣ። ኩሽኔታው በድንገት አልወደቀም፤ ሦስት ጊዜ ተናግሮ ነበር።

የመኪናም ኩሽኔታ ብዙውን ጊዜ ሳይናገር አይወድቅም። መንኰራኵሩን በክሪክ አንሥቶ ከላይና ከታች ይዞ ቢወዘውዙት ይላወሳል፤ በእጅ ቢያዞሩት ሻካራ ድምፅ ያሰማል። በጕዞም ላይ ጕምጕምታው መሪው ወደ አንድ ወገን ሲዞር ይበረታል፥ ወደ ሌላው ሲዞር ይቀንሳል። ከጕዞ በኋላ የቀኙና የግራው መንኰራኵር መካከል ቢነጻጸሩ አንዱ ከጓደኛው አብልጦ ይሞቃል፤ ነገር ግን የሚያቃጥል ሊሆን ስለሚችል በባዶ እጅ አይጨበጥም። ከእነዚህ አንዱ ከታየና ምክንያቱ ኩሽኔታው መሆኑ ከተረጋገጠ መኪናው ሳይለወጥለት ከግቢ ሊወጣ አይገባውም፤ በጀት እስኪፈቀድ ድረስ ማለትም ምክንያት አይሆንም፤ የሚነቀለው መንኰራኵር የበጀት ዓመት አይጠብቅምና።

ምልክት ሳይታይ የሚለወጥበትም ጊዜ አለ። መኪናው መለዋወጫ ወደማይገኝበት ሩቅ አገር የሚላክ ቢሆንና መንኰራኵሩ ለፍሬን ሥራ ተፈትቶ ሳለ በቀለበቱ ላይ ጥቂት ጕድጓድ ቢታይ፥ ያን መልሶ መግጠም ቍጠባ አይደለም። የሚፈታው ሾጣጣ ኩሽኔታ ግን ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ታጥቦና አዲስ ግራሶ ተቀብቶ ይመለሳል፤ ቅባቱ ከፋብሪካ የታሸገበት ዓይነት ይህ አይደረግለትም።

የወጣውም አሮጌ ኩሽኔታ ምክንያቱ ሳይመረመር ከቆሻሻ ጋራ አይጣል። ብረቱ ወደ ሰማያዊ ቢለወጥ ከመጠን በላይ ሞቋል፤ ቅባት አንሶት ወይም ከልክ በላይ ጠብቆ እንደ ሆነ ይጠየቅ። ዝገት ቢገኝበት ውሃ ገብቶታል፤ ስለዚህ ውሃ የሚከለክለው የጎማ ቀለበት አብሮ ይለወጥ። በእኩል ርቀት የተተኰሰ የሚመስል ጠባሳ ካለበት ደግሞ የሚጠየቀው ሹፌሩ ሳይሆን በመዶሻ የተከለው ነው።