ተጨማሪ መረጃ፦ የጉድጓድ ውሃና የልብስ ማጠቢያ ማሽን

በነጌሌ ቦረናም ሆነ በያቤሎ ስምንት ዘጠኝ ሰው የሚኖርበት ቤት የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሲገዛ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስንት ኪሎ እንደሚያጥብ ነው። መቅደም የነበረበት ግን የውሃው ጉዳይ ነው።

በቦረና ቆላ ብዙው ውሃ የሚቀዳው ከከርሰ ምድር ነው፤ የዱብሉቅ ጥልቅ ኤላዎች (የውሃ ጉድጓዶች) ለዚህ ዝነኛ ናቸው። ውሃ በድንጋይ መካከል ሲሰርግ ካልሲየምና ማግኒዚየም ያሟሟል። እነዚህ የበዙበት ውሃ «ጠጣር ውሃ» ይባላል። ሲሞቅ ካልሲየም ካርቦኔት ይለይና በማሽኑ ማሞቂያ ላይ ይጋገራል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚታየው ነጭ ቅርፊት ይኸው ነው። ቅርፊቱ ሙቀት በደንብ ስለማያሳልፍ ማሞቂያው ከልክ በላይ ግሎ ይቃጠላል።

ውድ ማሽን ሁሉ ዕድሜው ረጅም አይደለም። ውሃ ራሱ የሚስበው ዓይነት የቧንቧው ግፊት ሲደክም ቆሞ ይጠብቃል። ባለ ሁለት ገንዳው ማሽን ግን በባልዲ ይሞላል፤ አብዛኛውን ጊዜም ማሞቂያ የለውም። እርጥብ ልብስ ከገንዳ ወደ ገንዳ ማዛወሩ ያደክማል፤ ቢሆንም ለቆላ ከተማ የሚያዋጣው እሱ ነው።

የጉድጓድ ውሃችሁ ጠጣር መሆኑን ለማየት ሞክሩ፦ በአንድ ጠርሙስ የዝናብ፣ በሌላው የጉድጓድ ውሃ እኩል ሞልታችሁ፣ እኩል የተፋቀ ደረቅ ሳሙና ጨምራችሁ ናጡ። የዱቄት ሳሙና በጠጣር ውሃም አረፋ ስለሚያወጣ አትጠቀሙበት። አረፋው በየትኛው በዛ?