በባሕር ዳር የተገኘው ካሴት

የዋልያስ ባንድ የኪቦርድ ተጫዋች የነበሩት ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ ሳሉ «ሸሞንሟናዬ» የተሰኘውን ካሴት ለብቻቸው ቀረጹ። አኮርዲዮን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖና ሲንተሳይዘር በየተራ እየተጫወቱ አንዱን ድምፅ በሌላው ላይ ደረቡ፤ ምቱን የያዘው የከበሮ ማሽን ነው። የቆዩትን ዜማዎች በዘፋኝ ፈንታ አኮርዲዮኑ በእርጋታ ይመራቸዋል።

በኋላ ሙዚቀኛው በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እያሽከረከሩ ይኖሩ ነበር። ካሴቱን አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ በባሕር ዳር አገኘው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ዳግም ታተመ። እርሳቸውም ወደ ዓለም መድረኮች ተመለሱ፤ በ2018 አዲስ አልበም አወጡ።

የካሴት ክር በሙቀትና በእርጥበት ይበላሻል። ስለሆነም ገበሬ ነባር ዘሩን ከነቀዝ እንደሚጠብቅ ሁሉ፣ በየቤቱ የተቀመጡ ካሴቶችም ሳይበላሹ ወደ ዲጂታል ሊገለበጡ ይገባል።