ኤግዚቢሽን ከማዘጋጀታችን በፊት ፕላስቲኩን እንወቀው

ባለፈው ዓመት በተማሪዎች የፎቶ ኤግዚቢሽን ላይ በሩ አጠገብ የተሰቀለችውን የእንጨት ተሸካሚዋን እናት ፎቶ ታስታውሱ ይሆናል። የማታስታውሱ ካላችሁ አልፈርድባችሁም፤ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ወርዳለች። የሸፈናት ፕላስቲክ ከብሎኑ ቀዳዳ ጀምሮ እስከ መሃል ተሰነጠቀ። ስናወርደው ደግሞ ስባሪው ፎቶዋን ቧጨራት። ያነሳት ልጅ ፋይሉ የነበረበት ፍላሽ ጠፍቶበት ስለነበር በእጃችን ያለችው ያቺው አንድ ቅጂ ነበረች። ፕላስቲኩን የበሳሁትና ብሎኑን ያጠበቅሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

በጊዜው "እቃው የማይረባ ነው" ብለን ተገላገልን። በኋላ ማስታወቂያ የሚሠሩ ባለሙያዎችን ስጠይቅና ሳነብ ግን እቃውን ያለ ጥፋቱ እንደወቀስነው ገባኝ። ምን እንደሆነ ሳናውቅ ገዛነው፤ እንደ ኮምፐርሳቶም ሠራነው። ዘንድሮም ኤግዚቢሽን ስለሚኖረን የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ለመሆኑ የትኛውን ፕላስቲክ እንግዛ? ሱቅ ገብቶ "ፕላስቲክ ስጡኝ" ማለት "ጨርቅ ስጡኝ" እንደማለት ነው፤ ነጠላም ጨርቅ ነው፣ ሸራም ጨርቅ ነው። ለእኛ ሥራ የሚሆኑት ዋና ዋናዎቹ ሦስት ናቸው።

አንደኛው አክሪሊክ ነው። ብዙ ሰው ፕሌክሲግላስ ይለዋል፤ ይህ ግን በ1933 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር የተመዘገበ የንግድ ስም ነው። ጥርት ያለው አክሪሊክ ከሚያርፍበት ብርሃን 92 በመቶ የሚሆነውን ያሳልፋል፤ ክብደቱም የመስታወት ግማሽ ገደማ ነው። ፀሐይን በደንብ ይችላል። ጉድለቱ ሲመታ ወይም ሲጨነቅ መሰንጠቁ ነው። ለፎቶ መሸፈኛ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይበቃል።

ሁለተኛው ፖሊካርቦኔት ነው። ከአክሪሊክ በብዙ እጥፍ ምትን ይቋቋማል፤ ሰው በሚጋፋበት ቦታ እሱ ይሻላል። ሆኖም ቶሎ ይቧጨራል፤ የፀሐይ መከላከያ ሽፋን ከሌለው ደግሞ ውጭ ሲቆይ ቢጫ ይሆናል።

ሦስተኛው ፎም ፒቪሲ ነው። አያሳይም፤ ቀላልና በካተር የሚቆረጥ ስለሆነ ለፎቶ ጀርባና ለመግለጫ ጽሁፍ ይመቻል። ለትንሽ መግለጫ 3፣ ለትልቅ ፎቶ 5 ሚሊ ሜትር ጥሩ ነው። ሙቀት ስለማይወድ ግን መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ትታችሁት ብትሄዱ ተጣሞ ይጠብቃችኋል።

ከእነዚህ ሌላ ርካሽ የሆነ ፖሊስታይሪን የሚባል አለ። ጥርት ያለው ሲታይ አክሪሊክ ይመስላል፤ ግን ይበልጥ ተሰባሪ ነው፣ ፀሐይም ያበላሸዋል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የመከላከያ ላስቲኩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ ቁራጭ ካለም ጠይቁና እጠፉት። ፖሊካርቦኔት ይታጠፋል፤ አክሪሊክና ፖሊስታይሪን ቀጭ ብለው ይሰበራሉ። በእሳት አቃጥላችሁ ለመለየት ግን እንዳትሞክሩ፤ ጭሱ ጎጂ ነው።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት እንምጣ። ፕላስቲክ ሲሞቅ ይረዝማል፣ ሲበርድ ያጥራል። አክሪሊክ በአንድ ሜትር ርዝመት፣ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሲለወጥ፣ 0.07 ሚሊ ሜትር ያህል ይለወጣል። ምን አላት ትሉ ይሆናል። ግን በበጋ ሌሊቱ ሲበርድ፣ ከሰዓት ደግሞ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ስታርፍበት የ25 ዲግሪ ልዩነት ቢፈጠር፣ 120 ሳንቲ ሜትር የሆነው የእኛ ፕላስቲክ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። እኔ ግን ቀዳዳውን በብሎኑ ልክ በስቼ አራቱንም ጥግ ጥርቅም አድርጌ አስሬዋለሁ። የሚሄድበት ሲያጣ ተሰነጠቀ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቀዳዳውን ከብሎኑ በ2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር አስፉት፤ ወደ ጠርዝም አታስጠጉት። ከብሎኑ ራስ ስር ሰፊ የጎማ ሮንዴላ አድርጉና እስኪይዝ ብቻ አጥብቁ። ስትበሱ ከስር እንጨት አስደግፉ፤ ትራፓኖውን በዝግታ፣ ሳትጫኑ አዙሩት።

ለመቁረጥ ቀጭን አክሪሊክን በብረት ማስመሪያ አስደግፎ በካተር ደጋግሞ መፋቅና በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ቀጭ ማድረግ ይቻላል። ለወፍራሙ ጥርሱ ደቃቅ መጋዝ ይሻላል። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። የመከላከያ ላስቲኩን እስከ መጨረሻው አትላጡት። በሌዘር የሚቆርጥ ቤት ከሄዳችሁ አክሪሊክ ጥሩ ይቆረጣል፤ ፒቪሲ ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ የሚወጣው ጋዝ ሰውንም ማሽኑንም ይጎዳል።

ጽዳትም ራሱን የቻለ ነገር ነው። በደረቅ ጨርቅ ማሸት አቧራ ይስባል፣ ይቧጭራልም። አልኮል ደግሞ አክሪሊክን ደቃቅ ስንጥቅ ያወጣበታል። ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃሉ።

በመጨረሻ አንድ ነገር። የሚያብለጨልጭ ፕላስቲክ በመስኮት ትይዩ ከተሰቀለ ሰው የሚያየው የራሱን ፊት ነው። ከመስቀላችሁ በፊት ኤግዚቢሽኑ በሚከፈትበት ሰዓት አንዱን ግድግዳው ላይ ይዛችሁ ራቅ ብላችሁ እዩት። ለወራት የደከምንበት ፎቶና መግለጫ ካልታየና ካልተነበበ ሥራችን ለአንባቢ አልደረሰም ማለት ነው።

የእናትየዋን ፎቶ ዘንድሮ ከነጭረቷ መልሰን ልንሰቅላት ነው። ትራፓኖውን የምይዘው አሁንም እኔ ነኝ። ቀዳዳውን ግን ሰፋ አደርገዋለሁ።