ለአጋዘን የትኛው አረር?

ከጎጃም፣ ከቢቸና ወይም ከሞጣ ወጥቶ አሜሪካ የከተመ ሰው ጥቅምት ሲጋመስ ጎረቤቶቹ ለአጋዘን አደን ጠመንጃ ሲወለውሉ ማየቱ አይቀርም። ፈቃድ አውጥቶ አብሯቸው ሊወጣ ካሰበ መጀመሪያ የሚገርመው የመሣሪያው ዓይነት ነው። ሜዳማና ሕዝብ በሰፈረባቸው እንደ ኦሃዮና ኢሊኖይ ባሉ ግዛቶች ጥይቱ ኪሎ ሜትሮችን የሚያቋርጥ ጠመንጃ ለአጋዘን አደን ለረጅም ዘመን አይፈቀድም ነበር። ስለዚህ አዳኙ በልማድ የሚይዘው ሾትገን፣ የሚያጎርሰውም ድፍን አረር ነው።

ሾትገን በተለምዶ ብዙ ጥቃቅን ረሽ ይረጫል፤ ያ ለወፍ ነው። በድፍን አረር ጊዜ ግን ከቀለሁ የሚወጣው አንድ ወፍራም እርሳስ ብቻ ነው። የተለመደው ባለ 12 ቁጥር አፈሙዝ 18.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ቁጥሩ የመጣው ከአንድ ፓውንድ፣ ማለትም ከ454 ግራም እርሳስ፣ በአፈሙዙ ልክ ስንት ድቡልቡል አረር ይወጣል ከሚል አሮጌ ስሌት ነው። ስለዚህ ባለ 20 ቁጥሩ ከባለ 12ቱ ይጠብባል። ይህን አለማወቅ ያስቀስፋል፦ የ20 ቁጥር ጥይት በ12 ቁጥር ጠመንጃ ውስጥ ተንሸራቶ አፈሙዙ ውስጥ ይሰነቀርና ከኋላው ሌላ ሲተኮስ ብረቱ ይፈነዳል።

ጎጃሜ አንባቢ ይህን አረር ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። በቀረርቶና በፉከራ ስሙ የገነነው ውጅግራ፣ የፈረንሳዮቹ የ1874 ጠመንጃ፣ 25 ግራም የሚመዝን እርሳስ በሴኮንድ 450 ሜትር ያህል ፍጥነት ይተኩስ ነበር። የተለመደው የ12 ቁጥር ድፍን አረር 28 ግራም ሆኖ በሴኮንድ 480 ሜትር ገደማ ይወጣል። ከአፈሙዝ ሲወጡ ጉልበታቸው ተቀራራቢ ነው ማለት ነው። ርቀት ላይ ግን ይለያያሉ። የውጅግራው 11 ሚሊ ሜትር ቀጭን፣ ረዘም ያለና በጠመዝማዛ ቦይ ተሽከርክሮ የሚወጣ ስለሆነ አየሩን ሰንጥቆ ይሄዳል። የሾትገኑ አጭርና ሰፊ በመሆኑ ነፋስ ቶሎ ያደክመዋል። ጉልበቱን እመኑ፤ ርቀቱን ግን አትመኑ።

አረር ከመምረጥ በፊት ታዲያ አፈሙዙን ማየት ይበጃል። ውስጡ ልሙጥ ከሆነ ሁለት ነባር ዓይነቶች አሉ። ጀርመናዊው ቪልሄልም ብሬኔከ በፈረንጆች 1898 የሠራው ከኋላው እንደ ጅራት የሚያገለግል ውታፍ ተያይዞበታል፤ ጠንከር ስለሚል ጠልቆ ይገባል። አሜሪካዊው ካርል ፎስተር በ1931 የሠራው ደግሞ ጀርባው ክፍት ነው፤ ክብደቱ ወደ ፊት ስላደላ እንደ ጦር በጫፉ ይበራል። ጎኑ ላይ ያሉትን ሰያፍ መስመሮች ያየ ሁሉ አረሩን የሚያሽከረክሩት ይመስለዋል፤ ዋና ሥራቸው ግን ጠበብ ባለው የአፈሙዝ ጫፍ ሲያልፍ እርሳሱ በቀላሉ እንዲጨመቅ ማድረግ ነው። ያም ሆኖ ጫፉ እጅግ የጠበበ አፈሙዝ ለድፍን አረር አይመከርም።

ሦስተኛው ዓይነት በላስቲክ ሽፋን የተጠቀለለ ቀጭን አረር ነው። ሽፋኑ ከአፈሙዝ እንደወጣ ይወድቃል፤ አረሩ ብቻውን ይቀጥላል። ዋጋው ይከብዳል፤ ከመቶ ሜትር በላይም ሊያስተኩስ ይችላል፤ ነገር ግን የሚሠራው ጠመዝማዛ ቦይ ባለው አፈሙዝ ብቻ ነው። በልሙጥ አፈሙዝ መተኮሱ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ስለማይሽከረከር ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም።

ልሙጥ አፈሙዝ ለያዘ ጀማሪ የእኔ ምክር ርካሹ የፎስተር ዓይነት ነው። የሁለት ሦስት ፋብሪካ ምርት ገዝቶ በ50 ሜትር ወረቀት ላይ ይሞክር፤ አንዱ ጠመንጃ የሚወደውን ሌላው ይበትነዋልና። በ50 ሜትር የተስተካከለ ማነጣጠሪያ በ100 ሜትር ላይ አረሩን ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ዝቅ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ከ70 ሜትር ወዲያ ያለውን መተው ይሻላል። የሚነጣጠረው ከፊት እግር ትከሻ ጀርባ፣ ሳንባና ልብ ካሉበት ነው። የሳተ አረር ግማሽ ኪሎ ሜትር አልፎም ስለሚሄድ ከአውሬው ኋላ ጉብታ ከሌለ አይተኮስም።

የአሜሪካው አጋዘን ከእኛ ድኩላ ጋር ዘሩ አይገጥምም፤ የእሱ ቀንድ በየዓመቱ ወድቆ ይበቅላል፣ የድኩላ ግን የዕድሜ ልክ ነው። ሕጉም እንደዚያው የተለየ ነው። ለእረፍት ወደ ቢቸና ወይም ወደ ሞጣ የሚመለስ ሰው ልማዱን ይዞ ወደ ዓባይ ገደል እንዳይወርድ፦ በአገራችን ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው፤ ጠመንጃ ለመያዝም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ራሱን የቻለ ፈቃድ ያስፈልጋል።